ግንድ ይዞ የሚዞረው ጀግና

እኛ ቢሮ አንድ ጀግና አለ። በየመሥሪያ ቤቱ ወንድሞች እንዳሉት እሰማለሁ። ሲስተሙ በወደቀ ቁጥር 4 ጊጋባይት የሚያክለውን የሎግ ፋይል (ሲስተሙ የሠራውን ሁሉ መስመር በመስመር የሚጽፍበትን መዝገብ) ከሰርቨሩ ወደ ላፕቶፑ ያወርደዋል። ሙሉውን። የሚፈልገው የመጨረሻዎቹን 20 መስመሮች ነው።

ሌላው ሰው ዓባይን በጭልፋ ይላል። እሱ እንዲህ ያለ ንፉግነት አይወድም። አንድ ጭልፋ ለመቅመስ ዓባይን ከነደለሉ ቤቱ ያስገባል።

ትዕግሥቱስ! መስመራችን በሰከንድ 10 ሜጋቢት ነው፣ ያውም ቀን ሲወጣለት። 4 ጊጋ በዚህ ፍጥነት 53 ደቂቃ ይፈጃል። እሱ ማኪያቶውን ይጠጣል፤ የኛ ኢንተርኔት ቀጥ ይላል፤ የደንበኛ ስልክ ይጮኻል። «እየወረደ ነው» ይለናል፣ ዓይኑን ከአረንጓዴዋ መስመር ሳይነቅል። 97 ከመቶ ላይ ኔትወርኩ ይቆረጣል። ጀግናችን ግን ከቆመበት መቀጠልን ይንቃል፤ ሀ ብሎ ይጀምራል።

ከወረደ በኋላ በኖትፓድ ይከፍተዋል። ኖትፓድ ድርቅ ይላል፤ እሱም አብሮት ይደርቃል። እንደ ምንም ሲከፈት የመጨረሻው መስመር ከአንድ ሰዓት በፊት የተጻፈ ሆኖ ይገኛል። ለካ እሱ ሲያወርድ ሰርቨሩ መጻፉን አላቆመም። ታዲያ ምን ይደረግ? እንደገና ከመጀመሪያው!

አንዲት ተለማማጅ በቀደም ደፈር ብላ «ሰርቨሩ ላይ ገብተን ቴይል ብናደርገውስ?» አለች። ቴይል የሚባለው ትእዛዝ ፋይሉን ከጭራው ነው የሚያነበው። ትልቁን ኤፍ (-F) ከጨመሩበት አዲስ መስመር በተጻፈ ቁጥር እሱን ብቻ ያመጣል፤ ሌሊት የድሮው ፋይል ተነሥቶ በቦታው አዲስ ቢከፈትም ተከትሎ ይሄዳል። ሰርቨሩ ላይ መግባት ካልተፈቀደና ፋይሉ በኤችቲቲፒ፣ ማለትም ድረ ገጽ በሚመጣበት መንገድ፣ የሚገኝ ከሆነ ደግሞ «ከዚህ ባይት ወዲህ ያለውን ብቻ ስጠኝ» ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ የኤችቲቲፒ ደንብ ውስጥ አለ። ይህን የሚደግፍ ሰርቨር 206 (በኮድ ቋንቋ «ከፊሉ ይኸው») ብሎ ቁራጩን ይልካል። የት እንደደረሱ አንዲት ቁጥር መያዝ ነው። 20 መስመር ጥቂት ኪሎባይት ናት፤ ማኪያቶው ሳይታዘዝ ትደርሳለች።

ችግሩ እሱ ላይ ነዋ! ማኪያቶው ሳይታዘዝ?

ጀግናችን ልጅቷን በሐዘኔታ አያትና «እኔ ሙሉውን ካላየሁ አላምንም» አላት። መርህ ያለው ሰው ደስ ይላል።

ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል። ሎግ በፈረንጅ አፍ ግንድም ማለት ነው። የኛ ሰው ከዓባይ የሚበልጠው ማደሪያ ስላለው ነው፤ ዴስክቶፑ ላይ ይከምረዋል። ትናንት በትከሻው አሻግሬ አየሁ፦ «ሎግ»፣ «ሎግ 2»፣ «ሎግ የመጨረሻ»፣ «ሎግ እውነተኛው የመጨረሻ»። ላፕቶፑ ስለሞላ የ2 ቴራ ዲስክ ግዢ ጠይቋል። የድጋፍ ፊርማ ሲዞር እኔም ፈረምኩ።

ይህን ስጽፍ ሲስተሙ ወድቋል። 41 ከመቶ ደርሰናል።