ክሬአቲኒን ብቻውን አይበቃም

«ክሬአቲኒን ኖርማል ከሆነ ኩላሊት ደህና ነው» የሚለው አባባል መታረም አለበት። ክሬአቲኒን ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ ነው፤ ከጡንቻ ስለሚመነጭ፣ ጡንቻቸው የሳሳ አረጋውያን ላይ ኩላሊቱ ግማሽ አቅሙን አጥቶም ቁጥሩ ደህና ሊመስል ይችላል። የኩላሊት ስፔሻሊስት ዕድሜና ጾታን ጨምሮ የማጣራት አቅሙን ያሰላል፤ በደቂቃ ከ60 ሚሊ ሊትር በታች ሆኖ ከ3 ወር በላይ ከዘለቀ ሕመሙ ሥር ሰዷል ማለት ነው። በሽንት የሚወጣው አልቡሚን የተባለ ፕሮቲንም አብሮ ይለካል። በተደጋጋሚ ምርመራ በሽንቱ ውስጥ ለአንድ ግራም ክሬአቲኒን 30 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ አልቡሚን ከተገኘ፣ የደሙ ውጤት ቢያምርም ማጣሪያው እያሾለከ ነው።

ብዙ ሰው የሚደናገጠው ግን መድኃኒቱ ላይ ነው። እንደ ኢናላፕሪል ወይም ሎሳርታን ያለ የደም ግፊት መድኃኒት ሲጀመር ክሬአቲኒን ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል፤ በማጣሪያው ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚቀንስ ነው። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ከፖታሲየም ጋር ተለክቶ፣ ፖታሲየሙ ደህና ሆኖ የክሬአቲኒን ጭማሪው ከ30 በመቶ ካላለፈ መድኃኒቱ ይቀጥላል። ካለፈ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ተቅማጥ፣ ስለ ትውከትና እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ስላሉ፣ ኩላሊትን ሊጎዱ ስለሚችሉ የሕመም ማስታገሻዎች ነው። (አይቡፕሮፌንን «የራስ ምታት ኪኒን ነው» ብሎ ከመድኃኒት የማይቆጥር ስንቱ ነው!) ከዚያ በኋላ ወደ ኩላሊት የሚገባው ደም ሥር ጠቦ እንደሆነ ይታያል።

ወደፊት ዲያሊሲስ ሊያስፈልገው የሚችል ሰው ደግሞ ከማይጽፍበት ክንዱ ደም ባያስቀዳ ይመረጣል፤ ከእጅ ጀርባ ይቀዳ። ፊስቱላ (ለዲያሊሲስ ሲባል በቀዶ ጥገና የሚደረግ የደም ሥሮች ማገናኛ) ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በዚያ ክንድ ደም ሥር ነው።