ይድረስ ለክቡር የቆርቆሮ አጥር

እንደምን ከረሙ? እኛ በእርስዎ ምክንያት እንቅልፍ አጥተናል። ነፋስ በተነሳ ቁጥር ጥግ ላይ የተላቀቀችው ቆርቆሮዎ እስኪነጋ ስትንኳኳ ታድራለች። ለባለቤትዎ እንዳንነግር አናውቃቸውም። ጥበቃውም አያውቃቸውም። ደሞዙ በስልክ ነው የሚገባለት።

በአዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱን አልፎ እዚያ ከቆሙ ዓመታት ሆነዎ። ደረትዎ ላይ መስታወት የለበሰ ፎቅ ተስሏል፤ «በቅርብ ቀን» ይላል። ከሥሩ በቀይ ቀለም «መሽናት ክልክል ነው» ተብሏል። ሁለቱም እስካሁን አልተከበሩም።

በሚስማር ቀዳዳ ውስጥዎን አይቻለሁ። አረም ብቻ! ድሮ ጤፍ ነበር። አባባ የምንላቸው ሽማግሌ ያርሱት ነበር። ለአባታቸው የደረሰው በየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው። እርስዎ ሲመጡ አባባ ተነሱ። በካሳው አዋጅ ቁጥር 455/1997 የአምስት ዓመት አማካይ ገቢያቸው ታይቶ በ10 ተባዛላቸው። የ2011ዱ አዋጅ ማባዣውን 15 አድርጎታል። እሳቸው ግን ለልማት ቀድመው ስለተሰለፉ አልደረሰላቸውም። የተሰላው ደግሞ ምርቱ ነው። መሬቱማ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በካሬ ዋጋ የሚወጣለት ገበሬው ከወጣ በኋላ፣ ሊዝ ጨረታ ላይ ነው።

ትልቁ ልጃቸው አብሯቸው ያርስ ነበር። ይዞታው በአባቱ ስም፣ ካሳውም በአባቱ ስም። አሁን ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሶፋና ፍሪጅ ወደ ላይ ይሸከማል። (እኔም እዚያው ነኝ። እሱም የተሠራው እርሻ ላይ ነው፤ አጥር ስሰድብ ድምፄን ዝቅ የማደርገው ለዚህ ነው።) በዜና ስለ እድገታችን ሲወራ ልጁ ፎቅ መውጣቱን ቆጥረውለት ይሆናል።

እርስዎን ግን ማን ያነሳዎታል? ጤፉ ተነሳ፣ ከብቱ ተነሳ፣ የተማሪዎቹ መንገድ ተነሳ። ልጆቹ በጭቃ ዙሪያዎን ይዞራሉ። እርስዎ ንቅንቅ የለም። ኢንቨስትመንት ነዎት አሉ።

እንግዲህ አንድ ልመና አለን። ፎቁ እስኪመጣ አባባን በሬያቸውን ይዘው ያስገቧቸው። በሬዎቹ ተሸጠዋል፣ ግድ የለም፣ እንከራያለን። ሐምሌ ተዘርቶ ኅዳር ላይ ይታጨዳል። ፎቁ ከዚያ በፊት ከደረሰ ማሳውን ጥለን እንወጣለን፤ መነሳት እንደሆነ ለምደነዋል።