የሞተ ድብ ምን ይማራል?

የአሜሪካዋ ግዛት የዋዮሚንግ ተወካይ ሃሪየት ሄግማን ለአሜሪካ ኮንግረስ ያቀረቡት ረቂቅ ሕግ ድፍረቱ ይገርማል። በየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያ ያሉት ግሪዝሊ የሚባሉት ቡናማ ድቦች ከፌዴራል ጥበቃ ወጥተው በአካባቢው ግዛቶች እጅ ይሁኑ ይላል። ይህስ ያከራክር። ቀጥሎ ግን ውሳኔውን ማንም ፍርድ ቤት እንዳያየው ይከለክላል። በ2007 እና በ2017 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ጥበቃው ተነስቶ፣ ሁለቱንም ጊዜ ፍርድ ቤት መልሶታል። ጥበቃው ይነሳ ባዮቹ ሁለቴ ሲሸነፉ ዳኛውን ከሜዳ ማስወጣት አማራቸው።

የደጋፊዎቹ ተወዳጅ መከራከሪያ ደግሞ ይቺ ናት፦ አደን ከተፈቀደ ድቦቹ ሰው መፍራት ይማራሉ። ማነው የሚማረው? ግሪዝሊ በመንጋ አይኖርም። ልጆች ካሏት እናት በቀር ብቻውን ነው የሚዞረው። ጥይት የመታው ድብ ተነስቶ ለጎረቤቱ አያወራም።

ድብን ወደ ሰው የሚጎትተው ድፍረት ሳይሆን ሆዱ ነው። የአዲስ አበባን ጅብ የሚያውቅ ይህ አይጠፋውም። የሎውስቶን ውስጥ ድቦች ለአሥርት ዓመታት ከቆሻሻ መጣያ ሲበሉ ኖሩ፤ ሰውም ወንበር ተደርድሮለት እንደ ትርኢት ያያቸው ነበር። በ1970 አካባቢ መጣያዎቹ ሲዘጉ የለመደ አፍ ወደ ድንኳኖቹ ሄደ። ብዙዎቹም ተገደሉ። በ1975 ጥበቃው ሲጀመር በዚያ አካባቢ የቀሩት 136 ገደማ ብቻ እንደነበሩ ይገመታል። ዛሬ ከሺህ አልፈዋል። በአደን አይደለም!

በመለያ ቁጥሯ 399 የተባለችውን ዝነኛ ግሪዝሊ ተመልከቱ። መንገድ ዳር፣ ካሜራ በደገነ ሕዝብ ፊት ልጆቿን አሳደገች። በ28 ዓመቷ፣ በ2024፣ መኪና ገጭቶ ገደላት። ከልጆቿ አንዱን ግን የሰው ምግብ ስለለመደ በ2022 የመንግሥት ሠራተኞች ገደሉት። ያሳደገችው እናት ያቺው ናት። ያበላሸው በሰው ደጅ ያገኘው ምግብ ነው። ድብ የማይከፍተው የቆሻሻ በርሜልና በኤሌክትሪክ አጥር የታጠረ የንብ ቀፎ ቢኖር ይህ ሁሉ ባልመጣ።

በፌዴራሉ ጥበቃ «እጃችን ታስሯል» የሚሉትስ? ቀልድ ነው። ዛሬም ከብት የፈጀውን ድብ የሚያጠምዱት፣ የሚያዛውሩትና የሚገድሉት በአብዛኛው የግዛቱ ሠራተኞች ናቸው፤ ከፌዴራሉ የሚጠይቁት ፈቃድ ብቻ ነው። ጥጃው የተበላበት አርቢ መናደዱ አይፈረድበትም። ዋዮሚንግም ካሳ ይከፍለዋል። አደን ቢፈቀድ መስከረም ላይ ለግድግዳ ጌጥ ሲባል የሚገደለው፣ ተራራ ላይ ያለ ድብ ግን ጥጃውን አልነካም።

ረቂቁ አጭር ነው፣ በአንድ ትንፋሽ ይነበባል። ስለ ዳኛ አለበት። ስለ ቆሻሻ በርሜል አንዲት ቃል የለበትም።