ቱቦው ወጣ ማለት አለቀ ማለት አይደለም

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የፕሮስቴት (ከወንዶች የሽንት ፊኛ ሥር ያለ ዕጢ) ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ሽንት የሚያስወጣለት ቱቦ ከወጣ በኋላ ቶሎ ወደ ሥራው ይመለሳል ይላል። እኔ በሽንት ቧንቧ በኩል ተሠርቶልኝ ቱቦው በሦስተኛው ቀን ወጣ። ሳምንት ሳይሞላኝ ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግሬ! የራስ መኮንን ድልድይን ዳገት ሳይቀር። በ12ኛው ቀን ሽንቴ እንደ ካርካዴ ቀላ። ቤቱ ተሸበረ።

ሐኪሙ ግን አልደነገጠም። የውስጡ ቁስል ቅርፊት ከ10 እስከ 14 ቀን ገደማ ሲለቅ ያጋጥማል፤ ውሃ ይጠጡ፣ ይረፉ አለኝ። የረጋ ደም ከበዛ፣ ካተኮሰዎት ወይ ሽንት እምቢ ካለ ግን ወዲያው ይምጡ።

ደግሞ የሆድ ድርቀትን አትናቁ። ማማጥ ደም ያመጣል። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ተልባ ትበጠብጥልኝ ነበር (አልወደውም፣ ግን ጠጣሁት)። ጀሪካን ማንሳቱንም ለስድስት ሳምንት ለልጆቹ ተውኩ።