ሥዕል በጆሮ

ማንጋ፣ የጃፓን ሥዕላዊ ታሪክ፣ የሚታይ ነገር ነው። ፖድካስት የሚሰማ ነገር ነው። ሁለቱን ሽማግሌ ሳይልክ አጋብቶ በየሳምንቱ የሚደግስ ሰው «አፍቃሪ» ይባላል። እናቱ የምትለው ግን ሌላ ነው፤ በተዘጋ በር ውስጥ ብቻውን ሲስቅ ትሰማዋለቻ።

ሳምንቱ የሚከፈተው እሑድ ማታ ነው። የጃፓኑ አሳታሚ የሹኤይሻ መተግበሪያ «ማንጋ ፕላስ»፣ የባሕር ወንበዴዎቹን ማንጋ የ«ዋን ፒስ»ን አዲስ ምዕራፍ የሚለቅቀው በጃፓን ሰኞ ሲገባ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ጃፓን በስድስት ሰዓት ትቀድመናለች። ስለዚህ ቶኪዮ ሌሊት 12 ሲል አዲስ አበባም ምሽት 12 ይላል። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ለስንት ዘመን ሲታማ ኖሮ በመጨረሻ ለአንድ ነገር ጠቀመ።

መከራው ያለው ከእሑድ በፊት ነው። የሾለኩ ገጾች ከሳምንቱ አጋማሽ ጀምሮ ይዞራሉ። አዘጋጁ «አላይም» ብሎ ይምላል። ዐርብ ላይ አብሮት የሚያቀርበው ጓደኛው ይደውልለትና «ምንም አልነግርህም፤ ግን…» ይላል። ያቺ «ግን» ብቻዋን ስንት ገጸ ባሕርይ ገድላለች።

አንድ ምዕራፍ 17 ገጽ አካባቢ ነው። ጀማሪ አቅራቢ «እዚህ ጋ እንደምታዩት» ብሎ ይጀምራል። አድማጩ ታክሲ ውስጥ በሁለት ሰው መሀል ተጣብቆ የሚያየው የረዳቱን ክርን ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የገጹ ቁጥር ይነገራል፤ ቀጥሎ ቦታው፣ ማን እንዳለ፣ ከዚያ ምን እንደተለወጠ። ለተራ ገጽ ሦስት ዐረፍተ ነገር ይበቃል፤ ሁለት ገጽ ይዞ ለተዘረጋ ሥዕል አንድ ደቂቃ ቢሰጠው አይበዛበትም። ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ «የመጀመሪያው ሳጥን» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ «ላይ፣ በቀኝ ያለው» ይባላል። ይህ ካልተባለ ግማሹ አድማጭ ከመጨረሻው ጀምሮ፣ ጡጫው ካረፈ በኋላ ለምን እንደተሰነዘረ ሲመራመር ያመሻል።

በዚህ ሥራ አማርኛ ሳይታሰብ ባለጸጋ ሆኖ የሚገኝበት ቦታ አለ። ጃፓኖች ለዝምታም ድምፅ አላቸው፤ ሥዕሉ ላይ «ሺ…ን» ብለው ይጽፉታል። ይህን እንዴት አድርገው በድምፅ ያቀርቡታል? እኛ «ጭር አለ» ብለን እንገላገላለን። የእነሱ ልብ «ዶኪ ዶኪ» ሲል የእኛ «ድው ድው» ይላል፤ «ኪራ ኪራ»ው «ብልጭ ብልጭ» ነው። ነገር ግን አቅራቢው በዚህ ሀብት ይሰክርና «ድው!» ብሎ ማይክራፎኑ ውስጥ ይጮኻል፤ መለኪያው ቀይ ይበራል። ቀዩን የነካ ድምፅ ጫፉ ተቆርጧልና ኤዲተር አይደለም ጸበልም አይመልሰውም። በመደበኛ ንግግር ጫፉ −12 ዴሲቤል አካባቢ እንዲውል ቀድሞ ማስተካከል ነው፤ ለ«ድው» የሚሆን ቦታ ይቀራል።

ማይክራፎንን በተመለከተ፣ ኮንደንሰር የሚባለውን ዓይነት የሚገዙት ዋጋውን አይተው ነው። ጥሩ ዕቃ ነው፤ የጎረቤቱን ውሻ፣ የፎቁን ባለተረከዝ ጫማ፣ የታችኛውን ቤት ሙቀጫ አንዱንም ሳያስቀር ይቀዳል። ላልተዘጋጀ ክፍል ዳይናሚክ የሚባለው፣ ቅርብ ባለው ድምፅ ላይ የሚያተኩረው ዓይነት ይሻላል፤ ከአፍ አንድ ጡጫ ርቀት፣ ትንሽ ወደ ጎን ዘወር ተደርጎ። ወደ ጎን የሚባለው በ«ፕ» ምክንያት ነው። አማርኛ ራሱ «ፐ»ን እምብዛም አያበዛም፤ «ዋን ፒስ» ግን «ፒ»ው እየፈነዳ «ስ»ው እያፏጨ በአንድ ስም ሁለት ጊዜ ይፈትናል። በአንድ ክፍል ውስጥ ደግሞ 60 ጊዜ ይጠራል።

የክፍሉን ማስተጋባት ለማጥፋት ውድ ስፖንጅ አያስፈልግም። ልብስ የሞላው ቁም ሳጥን ተከፍቶ ከፊት፣ ጋቢ ከራስ ላይ። አቅራቢው ለአንድ ሰዓት እንደ ወባ በሽተኛ ተሸፍኖ ስለ ባሕር ወንበዴዎች ያወራል። ፍሪጅ ይነቀላል፤ መልሶ መሰካቱን እንዳይረሳ የቤቱን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ለክረምት ግን መላ የለም። ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ከጀመረ ቡና ይፈላል።

«አንተ ልጅ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«እማዬ፣ እየቀዳሁ ነው!»

«ከቀዳህ ለእኔም አምጣልኝ።»

ይህን አድማጩ እንዳይቆረጥ ስለሚፈልገው ሳይነካ ይለቀቃል።

ሁለት ሰዎች በተለያየ ቤት ሆነው ሲቀዱ እያንዳንዱ የራሱን ድምፅ በራሱ ኮምፒውተር ይቀዳል፤ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ አብረው አንዴ ያጨበጭባሉ። የጭብጨባው ጫፍ በኤዲቲንግ ሁለቱን ለማገጣጠም ነው። የመጨረሻው ለምን? የሁለት መሣሪያ ሰዓት ፍጹም አንድ ስላልሆነ፣ በሰዓቱ ማብቂያ ቀልዱ ሳይነገር ሳቁ ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። አንዱ በ44,100፣ ሌላው በ48,000 ኸርዝ (በሴኮንድ የሚወሰድ የድምፅ ናሙና ብዛት) ቀድቶ ፕሮግራሙ ካልለየው ደግሞ የባሰ ነው፤ የ60 ደቂቃው ወሬ ከ65 ደቂቃ በላይ ይሆናል፤ ቀጭኑ ልጅ የአጎቱን ድምፅ ይዞ ይመጣል።

ኤዲቲንግ ለአንድ ሰዓት ቅጂ ሦስት አራት ሰዓት ይበላል። «ምናምን» እና «ማለቴ» ሁሉ ይውጣ ከተባለ የሚቀረው የዜና እወጃ ነውና ግማሹን መተው ነው። የማይማረው «እንትን» ነው፦ «እንትኑ መጥቶ በእንትኑ እንትን ሲያደርገው!» ሥዕሉን ያላየ ሰው እዚህ ላይ ፖሊስ ሊጠራ ይችላል።

ሲያልቅ የድምፁ ከፍታ ለሞኖ፣ ማለትም ለአንድ መስመር ድምፅ፣ −19፣ ግራና ቀኝ ለተለየው ስቴሪዮ −16 ላይ፣ ኤልዩኤፍኤስ በሚባለው የከፍታ መለኪያ፣ ይደረጋል፤ አለዚያ ቀስ ብሎ የሚናገረውን ለመስማት ድምፅ የጨመረ አድማጭ በሌላኛው ሳቅ ጆሮውን ያጣል። ሁለት ሰው ለሚያወራበት ሞኖ ይበቃል። በሴኮንድ በ96 ኪሎቢት ሲቀመጥ አንድ ሰዓት 43 ሜጋባይት ነው፤ በ192 ስቴሪዮ 86። ልዩነቱን የሚከፍለው ባለጥቅሉ አድማጭ ነው።

ወደፊትን ያሰበም አለ፤ «ከምዕራፍ 1 እንጀምር» የሚል። «ዋን ፒስ» ከ1997 ጀምሮ ከ1,100 ምዕራፍ አልፏል። በሳምንት አሥር ቢያወሩ ከሁለት ዓመት በላይ ነው፤ በዚያ መሀል በዓመት ከ30 የሚበልጥ ይጨመራል። የሌላው ማንጋ የ«ሀንተር ሀንተር» አፍቃሪ ግን ይህን ጥድፊያ አያውቀውም። ከ2018 ኅዳር እስከ 2022 ጥቅምት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ አንድም አዲስ ምዕራፍ አልወጣም። ስለማይወጣ ነገር አራት ዓመት በየሳምንቱ ማውራት እዚህ አገር የተለመደ ሙያ ስለሆነ ዝርዝር አያሻውም።

እንግዲህ ክፍሉ ማክሰኞ ሌሊት ይለቀቃል፤ 52 ደቂቃ ነው። በስድስተኛው ደቂቃ ቴሌግራም ላይ የመጀመሪያው መልእክት ይገባል፦ «11ኛው ገጽ፣ በግራ በኩል ከታች፣ ወፏ አንድ ዓይኗን ጨፍናለች። አላያችሁም?»

ገጹ ይከፈታል። ይጎላል። እውነትም ጨፍናለች።

የሚቀጥለው ክፍል የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ስለ ወፏ ናቸው።