ጥምጣሙና ትምህርቱ

ባለፈው ጊዜ የተማሪዎች ካርድ በሚሰጥበት ዕለት፣ ተራችን እስኪደርስ ከመማሪያ ክፍሉ ውጭ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ አጠገቤ በነበሩ ሁለት ሰዎች መካከል የተነሳውን ክርክር ሰማሁ። አንደኛው ልጁን ከዚህች አነስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አውጥቶ ወደ ትልቅ ትምህርት ቤት ሊያዛውር የቆረጠ አባት ሲሆን፣ ሌላኛዋ ለልጅ ልጃቸው ካርድ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን በሂሳብ አስተማሪነት የፈጁ እናት ናቸው። ሁለቱንም ከሰላምታ ያለፈ አላውቃቸውም።

አባትየው ነገሩን የጀመረው በቆጠራ ነው። ትልቁ ትምህርት ቤት ባለ ሦስት ፎቅ መሆኑን፣ ቤተ ሙከራው የራሱ ሕንፃ እንዳለው፣ ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት የየራሱ መምህር መመደቡን በጣቱ እየቆጠረ ዘረዘረ። «እዚህ ግን ጠዋት ሂሳብ ያስተማረው ሰው ከሰዓት ፊዚክስ ይዞ ይገባል። እንዲህ ያለ ነገር የት አገር አለ?» አለ። ተማሪው ጥቂት በሆነበት ሁሉ አለ፤ እሱ ግን መልስ ፈልጎ የጠየቀ አልመሰለኝም። ስለ ፎቁ ሲናገር ለሰማው፣ ድንጋዩን ራሱ የጠረበው ነበር የሚመስለው።

እናትየው መነጽራቸውን አውልቀው ካበሱ በኋላ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አሉ።

«እትዬ፣ እሱ ለድሮ ሰው የተተረተ ነው።»

«ይሁን ልጄ። ለመሆኑ እዚያ አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ተማሪ አለ?»

«ስልሳ ቢሆኑ ነው።»

«ቤተ ሙከራ ሲገቡ ቢሬቱን የሚይዘውስ ስንቱ ነው?»

«ምኑን?» አለ አባትየው። ለእኔ ክርክሩ ያለቀው እዚህ ላይ ነበር፤ እሱ ግን ቀጠለ።

ቢሬት ማለት ልኬቱ በጎኑ የተጻፈበት፣ ከታች መዝጊያ ያለው ቀጭን የመስታወት ቱቦ ነው። ፊኖልፍታሊን የሚባል፣ በአሲድ ውስጥ ቀለም የሌለው፣ ቤዝ ሲያይል ግን ሮዝ የሚሆን ፈሳሽ ጠብ የተደረገበት አሲድ ከሥሩ ይቀመጥና የአሲዱን ጠባይ የሚያጠፋው ቤዝ ከላይ በጠብታ ይጨመርበታል። ፈሳሹ ለረጅም ጊዜ እንደ ውሃ ጥርት እንዳለ ይቆያል፤ ጠብታው ያረፈበት ቦታ ብልጭ ብሎ ይቀላና ሲወዘወዝ ይጠፋል። ከዚያ አንዲት ጠብታ ትመጣለች፣ ቢወዘውዙትም የማይለቅ ስስ ሮዝ ቀለም ይወጣል፣ እጅ ወዲያው መዝጋት አለበት። የዘገየ ሰው ደማቅ ሮዝ ይዞ እንደገና ይጀምራል። ያቺን ጠብታ በገዛ እጁ አሳልፎ የተናደደ ተማሪ መቼም አይረሳትም፤ ከስልሳ ልጅ ኋላ የቆመው ግን የሚያጠናው የጓደኛውን ማጅራት ነው። እናትየው የሂሳብ ሰው ስለሆኑ ነገሩን አሰሉት፦ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለ60 ተማሪ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 40 ሴኮንድ ይደርሰዋል፤ እዚህ እንዳሉት ለ16 ሲካፈል ግን ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው።

ሁለት ትምህርት ስለሚያስተምረው መምህርም ከልጅ ልጃቸው የሰሙትን አጫወቱን። ጠዋት ዳግም ዘር፣ ተማሪዎቹ ስኩዌር ሩት የሚሉትን ሲሠሩ፣ አንዱ ልጅ «ይህ ነገር ምን ይረባል?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩ አልተቆጣም፣ መልስም አልሰጠም። ከሰዓት በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ግን ድንጋይ በክር አስሮ ከበሩ መቃን ላይ አንጠለጠለ። ክሩ አንድ ሜትር ሲሆን አሥር ደርሶ መልስ 20 ሴኮንድ ገደማ ፈጀ። ክሩን ወደ 25 ሳንቲ ሜትር አሳጥሮ ስንት ይፈጃል ቢላቸው፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አምስት!» አለ። ቆጠሩት፤ አሥር ሆነ። ርዝመቱ በአራት ሲካፈል ጊዜው የሚካፈለው በአራት ዳግም ዘር፣ ማለትም በሁለት ብቻ ነውና። ድንጋዩን በከባድ ድንጋይ ቢለውጡትም ጊዜው አልተለወጠም። የጠዋቱ ጠያቂ መልሱን ያገኘው ሁለቱን ትምህርቶች አንድ ሰው ስለያዛቸው ነው።

«ፈተና ላይ እኮ ክርና ድንጋይ አይመጣም» አለ አባትየው። ልጁ የንጥረ ነገሮችን ሠንጠረዥ እስከ ሃያኛው ድረስ በቃሏ እንደምትወጣውም ነገረን።

«መልካም ነው። ሩሲያዊው ኬሚስት ሜንዴሌቭ እ.ኤ.አ. በ1869 ሠንጠረዡን ሲያወጣ ባዶ ቦታዎች ትቶ እንደነበርስ ታውቃለች? ያልተገኙትን ንጥረ ነገሮች ጠባይ አስቀድሞ ተናገረ፤ ጋሊየም በ1875፣ ጀርማኒየም በ1886 ተገኙና ቦታቸውን ያዙ።»

«ባዶ ቦታ ደግሞ ምን ይጠናል?»

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አሉ እናትየው ለሁለተኛ ጊዜ፣ አሁንስ ወደ እኔ ዞር ብለው።

በመጨረሻ አንድ ቁም ነገር ተናገረ፤ መምህሩ የታመመ ዕለት ሁለት ትምህርት አብሮ ይቋረጣል አለ። ይህ እውነት ነው፤ እናትየውም አልካዱም። ነገር ግን ከፎቁና ከሕንፃው በፊት ቢያነሳው ኖሮ የበለጠ ባከበርኩት ነበር።

እኔን የሚከነክነኝ አባትየው ብቻውን አለመሆኑ ነው። ዘመናችን ጥምጣሙን ከትምህርቱ አስበልጦ የሚወድ ሆኗል። የምረቃ ፎቶግራፍ ከግድግዳው መሀል ይሰቀላል፣ የተማረበት ደብተር ግን በዓመቱ መጨረሻ የዕቃ መጠቅለያ ይሆናል። ሂሳብና ፊዚክስ የጎበዝ፣ ታሪክና ሥነ ጽሑፍ የሰነፍ ተብለው ተመድበዋል፤ ታሪክ የሚወድ ጎበዝ ልጅ ፍቅሩን እንደ ነውር ይደብቃል። ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ «አልገባኝም» ያለ ልጅ ይሳቅበታል፤ ያ የሳቀው ልጅ አድጎ በየስብሰባው አንገቱን እየነቀነቀ የሚያጨበጭበው፣ ሲወጣ ደግሞ «ምን ነበር ያሉት?» ብሎ በሹክሹክታ የሚጠይቀው ሰው ይሆናል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ ለሰው ስንመክርበት እንጂ የራሳችን ልጅ ካርድ ሲመጣ ትዝ አይለንም።

የአባትየው ልጅ ካርዷን ይዛ ወጣች። አባቷ ተቀብሎ ከታች ያለውን መስመር ፈለገና «ስንተኛ ወጣሽ?» አላት። ነገረችው። ካርዱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ተነሳ። እናትየው ከተቀመጡበት ሆነው «ድንጋዩ ሲከብድ ጊዜው ለምን አልተለወጠም?» ብለው ጠየቋት። ልጅቷ ቆመች፤ አባቷ በሩ ላይ ሆኖ እየጠራት፣ እጇን እንደ ክር ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘች ማስረዳት ጀመረች።