ቴርሞስታቴን መልሱልኝ

ይሄን ካልተነፈስኩ ዛሬ እንቅልፍ አይወስደኝም። ረጅም ነው፣ የቸኮለ ይለፈው።

የምኖረው ሱሉልታ ነው። የምሠራው መሃል ከተማ። የምነዳው ቪትዝ፣ ያቺን ባለ ሦስት ሲሊንደሯን። መኪና ያለውም የሌለውም ስለ እሷ አስተያየት አለው። መሥሪያ ቤት «የልብስ ስፌት ሞተር» ይሏታል። የባለቤቴ ወንድም ባገኘኝ ቁጥር «አንተ፣ እስቲ ሞተር ያላት መኪና ግዛ» ይለኛል። እሱ የሚሄደው በታክሲ ነው።

እሺ፣ ትንሽ ናት። መች ደበቅኩ? ሞተሯ ዋን ኬአር ይባላል። 996 ሲሲ ነው። ሦስቱ ሲሊንደሮች ተደምረው አንድ ሊትር ሃይላንድ አይሞሉም። ክብደቱ 70 ኪሎ ገደማ ነው፣ እኔ እበልጠዋለሁ። ጉልበቱ 71 ፈረስ፣ ያውም በደቂቃ 6,000 ዙር ሲጮህ። ግን ንቃችሁ አትለፉት። ካምሻፍቱን፣ ማለትም የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተውን ዘንግ፣ የሚያዞረው ሰንሰለት ነው፣ «ቺንጋው ሳይበጠስ ቀይረው» የሚባል ጣጣ የለበትም። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2010 ድረስ አራት ዓመት ተከታትሎ፣ ከአንድ ሊትር በታች ባሉት ዘርፍ የዓመቱ ምርጥ ሞተር ተብሎ ተሸልሟል። ይሄን ለባለቤቴ ወንድም ነግሬዋለሁ። ሳቀ።

አንድ ነገር ግን ልመን። 71ዱ ፈረስ የተቆጠረው ባሕር ጠለል ላይ ነው። ሱሉልታ ከ2,600 ሜትር በላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ደግሞ ስስ አየር ሲተነፍስ የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል። ስለዚህ 17፣ 18 የሚሆኑት ፈረሶቼ ደጋውን ጠልተው ቀርተዋል። ማታ ማታ አራት ሰው ጭኜ ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ ስወጣ፣ የእንጦጦ ዳገት ላይ የነዳጁን ፔዳል እስከ ወለሉ ብረግጠውም ወይ ፍንክች። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ከነበረ አትሌት ጋር ለአፍታ ጎን ለጎን ሄደናል። እሱ ምንም አላላበውም። እኔን አልቦኛል።

ይሄ ግን ብሶቴ አይደለም። ዳገቱን አውቄ ነው የገዛኋት። ብሶቴ የሰው እጅ ነው።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ፣ ዳገቱ ሊያልቅ ሲል ቀዩ መብራት በራ። ይቺ መኪና የሙቀት መለኪያ ቀስት የላትም። ሁለት መብራት ብቻ ነው ያላት። ሞተሩ ገና ካልሞቀ ሰማያዊ፣ ከልክ በላይ ከጋለ ቀይ። አቆምኩ። ኮፈኑን ስከፍት እንፋሎቱ ጎመን እንደሚቀቅል ድስት ቡልቅ አለ። እንደምንም አቀዝቅዤ መንገድ ዳር ያለ አንድ ጋራዥ ደረስኩ።

መካኒኩ ልጅ ነው፣ ፈጣን ነው፣ እጁ ይሠራል። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ከሞተሩ ጎን ሁለት ብሎን ፈታ፣ የብር ሳንቲም የምታክል መሃሏ ላይ ስፕሪንግ ያላት ነገር አወጣና ዓይኔ ፊት ያዛት። «አለቃ፣ በሽታዋ ይቺ ናት። ይሄ ለብርድ አገር የተሠራ ነው፣ ለኛ አይሆንም» አለኝ። ከዚያ የተቃጠለ ዘይት የሞላበት ጣሳ ውስጥ ጣላት። ጠብ ስትል ሰማኋት። ራዲያተሩን ደግሞ ከቢጫ ጀሪካን በቧንቧ ውሃ ሞላልኝ።

ለብርድ አገር! ወንድሜ፣ ሱሉልታ እኮ ነው ያለነው። ኅዳር ላይ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ይሆናል። ብርድ አገር ማለት የት ነው? ይሄን ያኔ አላልኩትም። ያኔ ከፍዬ፣ አመስግኜ ነው የሄድኩት። አሁን ነው የሚያንገበግበኝ።

ያቺ የተጣለችው ነገር ቴርሞስታት ናት። ሥራዋ ቀላል ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ትዘጋለች፣ ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ። 82 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ውስጧ ያለው ሰም ይቀልጥና ትከፈታለች። አለቀ። ተበላሽታ ተዘግታ ከቀረች መቀየር ነው፣ አሽቀንጥሮ መጣል ግን ምን ይባላል? በራችሁ አልከፈት ቢል በሩን ነቅላችሁ ትጥላላችሁ?

የኔ ደግሞ አልተበላሸችም ነበር። ያፈላው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ መክደኛ ብቻ አይደለም፣ ውሃውን በግፊት አፍኖ ይይዛል። በሱሉልታ ከፍታ ሜዳ ላይ የተጣደ ውሃ 100 ዲግሪ አይጠብቅም፣ 91 ላይ ይፈላል። ሽሮ የሠራ ያውቀዋል። ደህና ክዳን ይሄን ከ20 ዲግሪ በላይ ወደ ላይ ይገፋዋል። የኔ ክዳን ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እና ዳገት ላይ ባይፈላ ነበር የሚገርመው። ክዳን መቀየር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ግን ማን አየው?

ከዚያ በኋላ ያለውን ሕይወቴን ልንገራችሁ። ጠዋት ከሱሉልታ ተነስቼ ጫፉን ካለፍኩ በኋላ መንገዱ ቁልቁለት ነው። ሞተሩ አይደክምም። ቴርሞስታት የለም፣ ውሃው ገና ከመጀመሪያው በራዲያተሩ ይዞራል። ሰማያዊዋ መብራት አዲሱ ገበያ ድረስ አትጠፋም። አንዳንድ ቀን ፒያሳ ድረስ አብራኝ ትመጣለች። ሂተሩ የሚነፋው የእንጦጦን ብርድ ነው። ባለቤቴ ጋቢ ተከናንባ ነው የምትሄደው። መስታወቱን በእጄ እየጠረግኩ እነዳለሁ።

ነዳጁስ? የመኪናዋ ኮምፒውተር «ገና አልሞቅኩም» ብሎ ስለሚያስብ ቤንዚን አብዝቶ ይረጫል። በሊትር 15 ኪሎ ሜትር ትሄድልኝ የነበረች መኪና 11 ላይ ወረደች። እና ያንን ቤንዚን ለማግኘት ስንት ሰዓት እንደምንሰለፍ ለእናንተ አልነግርም።

ይሄ ሁሉ ሳያንስ ዘይት ላስቀይር ገባሁ፣ ሌላ ቦታ። ይሄ ሞተር ከነፊልትሮው የሚወስደው ከሦስት ሊትር ትንሽ በለጥ ያለ ነው። ዘይቱ የሚሸጠው ደግሞ በአራት ሊትር ጋሎን። ልጁ ጋሎኑን ገልብጦ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አንጠፈጠፈው። «አይበዛም?» አልኩት። «ብሮ፣ ዘይት በዝቶ የሞተ ሞተር የለም» አለኝ በኩራት። ዘይቱ ደግሞ 20ደብሊው50፣ እንደ ማር የሚዝለገለግ። አምራቹ ለዚህ ሞተር የሚለው 5ደብሊው30ና ከዚያ የቀጠነ ነው። በማግስቱ ጠዋት፣ በውርጭ፣ ስነሳ ሰንሰለቱ ከረር ከረር ከረር። ሰንሰለቱን ወጥሮ የሚይዘው ነገር የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ ግን ገና ከእንቅልፉ አልነቃም።

ሦስተኛው ጋራዥ ላይ ነው ጉድ የፈላው። እዚያ የሄድኩት ነዳጅ በላች ብዬ ነው። ሰውየው ሞተሩን አስነስቶ ጆሮውን ዘንበል አደረገ። ፊቱ ጨለመ። «በሦስት ነው የምትሠራው» አለኝ። አንዱ ሲሊንደር ሞቷል ማለቱ ነው።

እንዴ! ያላት እኮ ሦስት ነው!

ስትቆም ትንሽ ትንቀጠቀጣለች፣ አዎ። ባለ ሦስት ሲሊንደር ሲፈጠርም እንደዚያ ነው። እንደ አራቱ እርስ በርሱ አይመዛዘንም። ሰውየው ግን አልሰማኝም። «አራት ካንዴላ ገዝተህ ና» አለኝ። ካንዴላ ቤንዚኑን በብልጭታ የምታቀጣጥለው ናት፣ ለአንድ ሲሊንደር አንድ። እኔም ምን ነካኝ፣ ገዝቼ መጣሁ። ሦስቱን ገጠመ። አራተኛዋን እጁ ላይ እያገላበጠ ሞተሩን ከግራም ከቀኝም አየው። ከዚያ ምንም ሳይል ኪሴ ውስጥ ከተታት።

ያፈረ መስሎኝ ነበር። የዘይቱን ክዳን ከፈተ። ከሥሩ ቢጫ ክሬም የመሰለ ነገር ተለጥፏል። «አየህ? ቴስታታው ጓርኒሲዮን ነዷል። ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል። ሞተር ይወርዳል።» ጓርኒሲዮን የሚለው የሞተሩ ራስ ሥር ገብቶ ውሃና ዘይት እንዳይገናኙ የሚያሽገውን ንጣፍ ነው። የጠራልኝ ብር የስምንት ወር የቤት ኪራዬ ነው። «ካልሆነ ያገለገለ ሞተር አፈላልግልሃለሁ» ብሎም አጽናናኝ።

ያን ቀን ራት አልበላሁም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር አይገባም። ያለችኝ ይቺው ናት። ሸጬ ሌላ ልግዛ ብልስ በየትኛው አቅሜ?

ያዳኑኝ ጎረቤቴ ናቸው። ድሮ አሰብ ድረስ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ጠዋት ኮፈኑን ከፍቼ ቆዝሜ አዩኝ። ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው መጡ። የዘይት መለኪያዋን መዝዘው በጨርቅ ጠረጉ፣ መልሰው ከተቱ፣ አወጡ፣ ጫፏን በሁለት ጣታቸው አሻሹ። «ልጄ፣ ይሄ ንጹሕ ዘይት ነው። ብቻ በዝቷል። ውሃ ቢገባበት እዚህም ወተት ይሆን ነበር። ውሃሽ ጎድሏል?» አሉኝ። መኪናዋን ነው «አንቺ» የሚሏት፣ እኔን ያለሁም አልመሰላቸው። አልጎደለም፣ አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ቴርሞስታት አላት?» አሉ።

ክሬሙ ላብ ነው ለካ። ሞተሩ በደንብ ስለማይሞቅ ውስጡ የሚጠራቀመው እርጥበት ተኖ አይወጣም። ከዘይቱ ጋር ይመታና ክዳኑ ሥር ይለጠፋል። አንደኛው መካኒክ የፈጠረውን በሽታ ነው ሦስተኛው በስምንት ወር ኪራይ ሊያክመው የነበረው።

ሞተሩ ጻድቅ ነው አላልኩም። የውሃ ፓምፑ ማፍሰስ እንደሚወድ የታወቀ ነው፣ በቧንቧ ውሃ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። ሲያረጅ ዘይት ይበላል። የአየር መግቢያው ሲቆሽሽ ሲቆም ዙሩ ይዋዥቃል። ይሄ ሁሉ የሚታወቅ፣ የሚጸዳ፣ የሚቀየር ነው። የተጣለ ቴርሞስታት ግን ከየትኛው ማኑዋል ነው የመጣው?

ቅዳሜ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። አራት ሱቅ ዞርኩ። አምስተኛው ላይ ባለሱቁ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ አቧራዋን እፍ ብሎ፣ አንዲት ካርቶን አወረደልኝ። «ይቺን የሚጠይቀኝ የለም፣ ሰው ያወጣታል እንጂ መች ያስገባታል» አለኝ። ክዳኑንም እዚያው ገዛሁ። የተረፈውን ዘይት ጎረቤቴ ከሥር አንጠባጥበው ልኩ ላይ አድርሰውልኛል። በቧንቧ ውሃው ፋንታ የሚገባ ቀይ ኩላንትም (የራዲያተር ፈሳሽ) ይዣለሁ።

የቀረኝ የሚገጥም ሰው ነው። ጎረቤቴ ወገባቸው ከዚህ በላይ አያስጎነብሳቸውም። ትናንት ሁለት ጋራዥ ጠየቅኩ። አንዱ «ታፈላብሃለች፣ እኔ ኃላፊነት አልወስድም» አለኝ። ሌላው ከእጄ ተቀብሎ አያትና «ኦሪጅናል ናት፣ ትሸጣታለህ?» አለኝ።

እና ከአዲሱ ገበያ እስከ ሱሉልታ ባለው መስመር ቴርሞስታት የሚያስገባ መካኒክ የምታውቁ፣ የሚያወጣ አላልኩም፣ የሚያስገባ፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። አንድ ያልተነካች ካንዴላም አለችኝ። አራት ሲሊንደር ያለው ይውሰዳት።